ቢጫዋ መብራትና የሩፋይዳ ሻርፕ

ሩፋይዳ ሻርፗን የሳበችው አስባ አልነበረም። ወላሂ፣ አስባ አልነበረም። ብታስብ ኖሮ እጇን በሌላ እጇ ይዛ ታስቀረው ነበር። ግን እጅ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ባለቤቱን አያማክርም፤ በልጅነቱ ያየውን ይዞ ይቆይና ቀን ጠብቆ ጉድ ያፈላል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ወንድሟ ዒምራን ሸቀጥ ጭኖ ከደሴ ገባ። ያቺ በሁለተኛ እጅ የገዛት፣ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ያወራላት ነጭ ቶዮታ ፒክአፕ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እያሳላት በራቸው ላይ ቆመች። ሩፋይዳ የወንድሟን ልጅ ባሲማን አቅፋ ልትቀበለው ወጥታለች። ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ ጠሃ በጥድፊያ እየተራመደ መጣ። ጠሃ ከከተማው መግቢያ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ጭሱን አይቶ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የተከተላት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለ። ዒምራን ሰላምታውን በአፍንጫው መለሰለት።

ከዚያ ባሲማ ሳቀች። ጥርስ ያላበቀለ ድዷን ገልጣ ለጠሃ ሳቀችለት፤ ጠሃም ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ያኔ ነው የሩፋይዳ እጅ ተነስቶ፣ ሻርፑን ስቦ የሕፃኗን ፊት የሸፈነው።

ጠሃ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለና ለድንጋዩ የሚናገር ይመስል «ማሻአላህ» ብሎ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሩፋይዳ ልትጠራው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ለእንግዳ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ፀሐይ አለ፣ አቧራ አለ፣ ሕፃን ይሸፈናል። ለወሎ ሰው ግን ሻርፕ መቼ ከፀሐይ፣ መቼ ከሰው እንደሚጋርድ መንገር አያሻም። የጠሃ አያት ወግዲ በኩል ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለእጅ ነበሩ። አገሬው በማረሻቸው ያርሳል፣ በማጭዳቸው ያጭዳል፣ ልጁን ግን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። ቡዳ ናቸው ይላል። ማረሻው እቤት ሲገባ ምንም የለም፤ ሠሪው ደጃፍ ላይ ሲቆም ነው ጉዱ።

ጠሃን እናቱ ገና በድክድክ ዕድሜው ያስተማሩት ነገር ቢኖር ዓይኑን መጣል ነው። ልጅ ያቀፈች ሴት ስትመጣ መሬት መሬቱን ማየት፣ ሰው ሲበላ ፊትን ማዞር፣ ላም በወለደችበት ደጅ አለማለፍ። ይህን ለሩፋይዳ የነገራት ራሱ ነው። እሷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደወል ያጣ ጊዜ የአይሱዙ ቸርኬ አምጥቶ ዛፉ ላይ የሰቀለላቸው እሱ ነበር፤ ትውውቃቸውም የተጀመረው ከዚያ ቸርኬ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ በአጥር ተጋርደው ሲያወሩ፣ በመንገድ ሲተላለፉ በዓይን ሲነጋገሩ፣ እነሆ ሁለተኛ ክረምታቸው። አንድ ቀን፣ «ሰው ፊት ቀና ማለት የለመድኩት ካንቺ ጋር ነው» ብሏት ነበር። ሩፋይዳ በዚህ ቃል ስትኮራ ከረመች። እንግዲህ ያንን ቀና ያለ ዓይን ነው በገዛ ሻርፗ የመታችው።

ጠሃ ሽማግሌም ልኮ ነበር። አባቷ ሸህ ሺፋ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ፣ አገር «ሸሆቹ» እያለ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ «ኢንሻአላህ» ብለው ሸኙ። ከዚያ ዝም። እምቢም የለ፣ እሺም የለ። ሩፋይዳ በልቧ አባቷን ትታዘብ ነበር፤ ዘር የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ተምሬያለሁ፣ እኔ እንደነሱ አይደለሁም ትል ነበር። አይ ሩፋይዳ።

የሁሉም ነገር መነሻ አንዲት ቢጫ መብራት ናት። ከጥቂት ሳምንት ወዲህ የዒምራን መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ስትበራ መኪናዋ አቅም ታጣለች፣ ትጨሳለች፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ጠዋት ሲያስነሳት ደግሞ ጤነኛ ናት፤ መብራቷም የለች። ዒምራን ማጣሪያ አስቀየረ፣ ካንዴላ አስቀየረ፣ ለውጥ የለም። ነገሩን ከጠሃ ጋር ያያያዘችው ሚስቱ ሀሊማ ነች። መብራቷ የምትበራው ሁልጊዜ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ከጠሃ ጋራዥ ደጅ ሲደርስ፣ ጠሃ ቀና ብሎ ሰላም ሲለው ነው አለች። እውነቱን ለመናገር ሌላም ቦታ ትበራ ነበር፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው የጠረጠረውን ብቻ ነው። ሀሊማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያን ሰሞን ባሲማን ትኩሳት ይዟት ስለነበር ብረት የጣለ ዓይን ልጄን ምን ያደርጋታል ብላ የፈራች እናት ናት። ሩፋይዳ ያኔ ሆዷን ይዛ ስቃባታለች፤ ብረት የሚበላ ቡዳ የት አገር ታይቷል ብላ አሹፋባታለች። የሳቀችው እሷ፣ የሸፈነችውም እሷ ሆና አረፈችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠሃ በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ ተወ። ቸርኬው በተደወለ ቁጥር ሩፋይዳ በመስኮት ወደ መንገዱ ታያለች። ተማሪ እያስተማረች ጠመኔ የያዘ እጇን ታየዋለች፤ ይሄ እጅ ነው ትላለች። ደብዳቤ ጻፈች። «ይቅር በለኝ፣ አስቤ አይደለም» ብላ ጀመረችና ቆመች። አስባ አለመሆኑ ነው እኮ የከፋው። ያሰቡት ነገር በምክር ይመለሳል፤ ሳያስቡ ከውስጥ የወጣውን ምን ይዘው ይመልሱታል? ቀደደችው። የሸፈነችው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውን በታጠፈ ወረቀት ልትደብቀው አሳፈራት። ጋራዥ ሄዳ እንዳትነግረው ደግሞ የሸህ ሺፋ ልጅ ናት፤ ከተማው ምን ይላል? ይህንን ስታስብ ጊዜ ይብስ በራሷ አፈረች። አሁንም ከተማውን ነው የምትፈራው።

አርብ ከጁሙዓ መልስ ምሳ ላይ ዒምራን ነገሩን አወጣው። ጋራዡ ያለበት ቦታ የአጎታቸው ስለሆነ ነግሮ እንደሚያስለቅቀው ተናገረ። ሸህ ሺፋ ማን እንደሚለቅ፣ ለምን እንደሚለቅ ጠየቁ። ሀሊማ አንገቷን ደፍታ ስለ መብራቷ፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ዓይኑ ነገረቻቸው። ሸሆቹ የጎረሱትን ዋጡና እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። ቁጣ አያውቁም፤ ሲያዝኑ ግን ቤቱ ይታወቃል።

«እኔ ለማስተምራቸው ደረሶቼ ሁላችሁም ከአደም፣ አደምም ከአፈር ነው እያልኩ አቀራለሁ» አሉ። «እቤቴ ግን ከምሳ ጋር ይሄ ወሬ ይበላል።»

ምናልባት ሽማግሌዎቹን በ«ኢንሻአላህ» የሸኙበትን ቀን እያስታወሱ ይሆናል፤ ፊታቸው እንደዚያ ነበር። ከዚያ ነገ ጠሃ እንዲጠራ፣ መኪናዋንም በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ባለበት እንዲያያት አዘዙ። ሩፋይዳ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ልጅቷን የሸፈንኩት እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃት ነበር። ትንፋሹን በውሃ አወራርዳ ዋጠችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጠሃ መጣ። የሚያከብራቸው ሰው ስለጠሩት እንጂ ባይመጣ ማን ይፈርድበታል። የሸህ ሺፋን እጅ ሳመ፣ ለዒምራን ራሱን ነቀነቀ፣ ሩፋይዳን ግን አላያትም። ተቆጥቶ ቢያፈጥባት ይሻላት ነበር። ዓይኑ ከመሬት አይነሳም፤ ከጫማ ወደ ጫማ ነው የሚሄደው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ተሰብስቧል። ወሬ መቼም እግር አያስፈልገው።

ጠሃ የመኪናዋን ኮፈን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ለመነ።

«ሸሆቹ ይፍቀዱልኝና እኔ ካንቱ ጋር እቤት ልግባ» አለ። «በሩ ይዘጋ። ዒምራን መኪናዋን በወግዲ መንገድ፣ ዳገት ዳገቱን ነድቷት ይምጣ።»

ለምን እንዳለ ያልገባው ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ዓይኑ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት በር ይዘጋብኝ ብሎ ሲለምን ሩፋይዳ አየች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሩ ተዘጋ። ዒምራን ሄደ። ሲመለስ ጭሱ ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። ከመኪናዋ ወርዶ መብራቷ እንደበራች ለመናገር አፍሮ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ። ወግዲ መንገድ ላይ ጠሃ የለም። ሀሊማ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጠሃ ሲወጣ ማንንም አልወቀሰም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ ከሞተሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ሣጥን ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ሰካ። ዒምራን ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ እንዲያዞር ነገረው። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትል ጀመር፤ ሁለቴ ትላለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ሁለቴ። መኪናዋ በሽታዋን እንዲህ እንደምትናገር፣ ይህቺ ብልጭታም የሞተሩን ውሃ ሙቀት የምትለካዋ ሴንሰር ላይ እንደምትጠቁም ለሸሆቹ አስረዳ። ግን ጥቆማ ፍርድ አይደለም አለ፤ ጥፋቱ የሴንሰሯም የሽቦዋም ሊሆን ይችላል፣ ሳይመረመር አይፈረድባትም። ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰው ሁሉ ግን ወደ መሬት አየ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና ሴንሰሯን ፈታት። የአውራ ጣት እንኳ አታክልም። ጫፏን ከኤሌክትሪክ መለኪያው ከቴስተሩ ሽቦ ጋር አያይዞ የፈላ ውሃ እንዲያመጡለት ጠየቀ። ሩፋይዳ ማንም ሳይላት ሮጣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አመጣች። ፊት ለፊት ቁጢጥ አሉ፤ በመካከላቸው አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀርበው አያውቁም። የቅባትና የሳሙና ሽታው ደረሳት። እሱ ሴንሰሯን በፒንሳ ይዞ ውሃው ውስጥ ነከራት፤ የቴስተሩ መርፌ በቦታው ረጋ ብሎ ቆመ። «ጨምሪ» አላት፣ ዓይኑን ከጣሳው ሳያነሳ። የፈላውን አንቆረቆረች። መርፌው ትንሽ በትንሽ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ድንገት ወድቆ ቀረ። ደገሙት። አሁንም ወደቀ።

ሸህ ሺፋ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

«ውስጧ ተበጥሷል» አለ ጠሃ። «በብርድ ጊዜ እውነቱን ትናገራለች። ሙቀት ሲበዛባት ትክዳለች። ሞተሩ እየነደደ እሷ በረደኝ ትላለች፤ ሞተሩም አምኗት ነዳጅ ይጨምራል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚግለው፤ ለዚያ ነው እኔ ደጅ ላይ የምትበራው።»

ለሸሆቹ ነው የተናገረው፣ ስለ ብረት ነው የተናገረው። ሩፋይዳ ግን ስለ ራሷ ሰማችው። ከአጥር ጀርባ፣ ማንም በሌለበት፣ ነፍሴ ትለው የለም? ሰው ፊት፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ምን አደረገች? ስለ እሷ ከዚህ የበለጠ እውነት ተነግሮ አያውቅም፤ ተናጋሪው ደግሞ አላወቀም።

ዒምራን ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ቦታው የተባለው ነገር እንደቀረ፣ ወሬ እንደሆነ አጉረመረመ። ይቅርታ ለማለት አፉ ያልለመደ ሰው እንደዚያ ነው። ጠሃ ዕቃዎቹን እየሰበሰበ አዲሷ ሴንሰር ኮምቦልቻ እንደምትገኝ፣ ሰኞ እዚያ ስለሚሄድ ለሹፌር ሰጥቶ እንደሚልክላቸው ነገራቸው። ሸሆቹ መቼ ትመለሳለህ አሉት። ለመመለስ እንደማይሄድ፣ እዚያ ሥራ እንዳገኘ ቀስ ብሎ መለሰ። የዕቃ ሣጥኑን ዘጋ።

ሩፋይዳ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄዳ አለቀሰች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ ማልቀስስ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። እቤት ገባች፣ ከሀሊማ ጭን ላይ ባሲማን ብድግ አደረገች። ሀሊማ አየቻት፣ ልትከለክል እጇን አነሳች፣ መልሳ ጣለችው። ሩፋይዳ ሻርፗን ከትከሻዋ አንስታ በሩ ላይ ሰቀለችው፤ ፀጉሯን የሸፈነው ሻሽ ብቻ ቀረ። ልጅቷን ፊቷን ገልጣ አቅፋ ወደ ግቢው ወጣች። ጠሃ ወደ አጥሩ በር እየሄደ ነበር።

«ጠሃ» አለችው። አባቷ ፊት ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ቆመ። አልዞረም።

«ሀሊማ በአፏ ብትናገር ልጇ ታማባት ነው። ወንድሜም ለመኪናው ሰግቶ ነው። ልጅቷን የሸፈንኳት ግን እኔ ነኝ። እኔ፣ የማውቅህ። እኔ፣ በዚህ ወሬ ስስቅ የነበርኩት።» ድምፏ ተሰበረ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጭምር እንዲሰሙ አድርጋ እንደገና አነሳችው። «በአላህ ፊትም፣ በአባቴ ፊትም፣ በጎረቤት ፊትም አፍሬያለሁ። ባንተ ፊት ግን እንዴት እንደማፍር እንኳ አላውቅም።»

ጠሃ ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ አሁንም ከመሬት አልተነሳም። ባሲማን አቅርባ ዘረጋችለት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እጄ ቅባት ነው» አለ።

«እጅህን አልጠየቅኩህም» አለች ሩፋይዳ። «እያት።»

ዕድሜ ልክ ሲጥሉት የኖሩትን ዓይን በአንድ ቃል ማንሳት እንዴት ቀላል ይሆናል? የጠሃ አንገት ሲታገል ይታያል። ሸህ ሺፋ ከንፈራቸው ዱዓ ይዞ ቆመው ነበር፤ ለማን እንደሚያደርጉ እሳቸው ያውቃሉ። ሀሊማ በሩ ላይ ቆማለች። እሷ ናት ደፍራ አፍ ያወጣችው። «እያት፣ ወንድሜ» አለችው እንባ በያዘው ድምፅ፤ «ልጅህ ናት።»

ቀና አለ። ባሲማን አያት። ጉንጯን፣ ላብ ያጣበቀውን ግንባሯን፣ ያንኑ ድድ። ልጅቷ ቂም የት ታውቃለች፣ ሳቀችለት። ጠሃ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞላና አቅርሮ ቀረ። ማየቱን ግን አልተወም። አርባ ቀን ሳይሞላት ጀምሮ በጎን በጎኑ ያለፋትን ልጅ እስኪጠግብ አያት።

«ጠሃ» አሉ ሸህ ሺፋ ከኋላ፣ በለሆሳስ። «ዕቃዋ ስትመጣ ማን ይገጥማታል?»

ግቢው ሁሉ መልሱን ጠበቀ።

«እኔ እገጥማታለሁ» አለ ጠሃ፣ ዓይኑን ከሕፃኗ ሳያነሳ። «አምጥቼ ራሴ እገጥማታለሁ።»

ሸሆቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌዎቹም መልስ ሳይሰጣቸው እንደከረሙ፣ ሲመለስ እንዲልካቸው፣ ጥፋቱም የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ይህን ሲሉ እሳቸውም ዓይናቸውን ማንም ላይ አላሳረፉም።

ከዚያ ጠሃ ቀና እንዳለ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወደ ሩፋይዳ ዞረ። ቁጣ የለበትም። ይቅርታ ያለበት ዓይን ነው፤ እሱ ነው የከበዳት። ያንን ዓይን ስትናፍቅ ሰንብታ ሲመጣላት አልቻለችውም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ አንገቷን ደፋች፤ አሁን መሬት መሬቱን የምታየው እሷ ሆነች።